ወረቀት ዋስ የሚሆንበት አገር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ከጆርጂያ ጎዳና ገባ ብሎ ያለ አንድ የሐበሻ ሱቅ በሩ ላይ ማስታወቂያ ጠፍቶበት አያውቅም። «ለሴት የሚሆን ቤዝመንት፣ መግቢያው ለብቻው»፤ «መንጃ ፈቃድ በአጭር ጊዜ»፤ «ታክስ እንሠራለን»፤ «የልደትና የጋብቻ ማስረጃ እንተረጉማለን»፤ «በቤቴ ልጅ እጠብቃለሁ»። አንዱ ወረቀት በሌላው ላይ ተለጥፏል፤ ከግርጌው ስልክ ቁጥር ተጽፎ በመቀስ የተተለተለው ደግሞ ግማሹ ተገንጥሎ ተወስዷል። ቆም ብሎ ያነበበ ሰው፣ አዲስ መጪ በመጀመሪያው ዓመት ምን ምን እንደሚቸግረው ከዚያ በር ላይ ይረዳል።

ውስጥ በላስቲክ የታሸገ እንጀራ ባንኮኒው ላይ ተደርድሯል። ገና ትኩሱ ላስቲኩን በላብ አደብዝዞታል። ሽሮ አለ፣ በርበሬ አለ፣ ጀበናና ረከቦት፣ ነጠላም ሳይቀር። ሻጯ በአንድ እጇ ሒሳብ ትመታለች፤ ጆሮዋ ላይ የያዘችው ስልክ ከአዲስ አበባ ነው። ትናንት ከዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ የወጣ ሰው እዚህ ገብቶ «ይሄማ ሰፈሬ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

አካባቢው እንዲህ የሆነው በአንድ ጊዜ አይደለም። ለትምህርት መጥተው በአብዮቱ ምክንያት መመለስ ያልቻሉ ተማሪዎች፣ ቀጥሎም በ1980 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ የገቡ ሰዎች፣ መጀመሪያ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር 18ኛው መንገድ ላይ ምግብ ቤት ከፈቱ። ኪራዩ ሲወደድ ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው መንገድ ሄዱ፤ ከዚያም ብዙዎቹ ከከተማው ወጥተው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች ገቡ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል፤ ባለጉዳይ አስተርጓሚ በነፃ መጠየቅ ይችላል።

እንግዲህ እንጀራውም አለ፣ ቋንቋውም አለ፣ ዘመዱም አለ። ታዲያ ሰው ምኑ ይቸግረዋል?

ከሱቁ ወጥቶ ማዶ ያለውን ባንክ የገባ ሰው መልሱን ያገኘዋል። አገር ቤት ቤት ለመከራየት፣ ሥራ ለመቀጠር፣ ብር ለመበደር ሰው ያስፈልጋል። «እኔ አውቀዋለሁ፤ የእገሌ ልጅ ነው» የሚል አንድ የተከበረ ሰው ከተገኘ ነገሩ አለቀ። እዚህ ግን ዋስ የሚሆነው መዝገብ ነው፦ አድራሻው፣ ቁጥሩ፣ ከዚህ በፊት ዕዳውን በቀኑ መክፈሉ። አገር ቤት የተከበረ መምህር፣ ሰላሳ ዓመት የነገደ ነጋዴ፣ ሐኪም፣ ሁሉም እዚያ ባንኮኒ ፊት ሲቆሙ መዝገባቸው ባዶ ነው። ስለ አሜሪካ ብርዱንና የሥራውን ብዛት ሰምቶ ያልመጣ የለም። ይኼኛውን ግን ማንም በስልክ አይነግረውም።

## ሻንጣውና ሳሎኑ

ነገሩ የሚጀምረው ከሻንጣው ነው። ቋንጣም ሆነ የዶሮ ወጥ፣ ሥጋ ነክ ነገር ጉምሩክ ላይ ይቀራል። በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ቡና ብዙውን ጊዜ ያልፋሉ፤ ግን ይዣለሁ ብሎ ማስመዝገብ ነው። ከ10,000 ዶላር በላይ የያዘም እንዲሁ ማሳወቅ አለበት፤ መያዙ ወንጀል አይደለም፣ መደበቁ ነው። ከሁሉ የከፋው የሰው አደራ ነው። «ለእህቴ ትንሽ ቅጠል ናት» ተብሎ የተሰጠ ጫት አሜሪካ ውስጥ የተከለከለ ዕፅ ነው፤ ባለአደራው የሚጠየቀው በራሱ ስም ነው። በእጁ ያላሸገውን ዕቃ የሚይዝ ሰው ድፍረቱ ይገርመኛል።

ከዚያ የዘመድ ሳሎን አለ። ሶፋው ይዘረጋል፣ ዶሮው ይሠራል፣ ጎረቤት ለ«እንኳን ደህና መጣህ» ይመጣል። አንደኛው ሳምንት በዓል ነው። በሁለተኛው ሳምንት እንግዳው ባለቤቶቹን ማየት ያቆማል። ባልየው ሌሊት ፓርኪንግ ያድራል፤ ሚስትየው ጎሕ ሳይቀድ ወደ ነርሲንግ ሆም ትወጣለች፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። እንግዳው ብቻውን ሳሎን ቁጭ ብሎ «ተጣሉኝ እንዴ?» ብሎ ያስባል። አልተጣሉትም፤ ሺፍት ላይ ናቸው።

ብዙ የቆዩ ሰዎች በአንድ ድምፅ የሚናገሩት ቅሬታ እዚህ ጋ ነው። አስተናጋጁ ይሉኝታ ይዞት «እስከ መቼ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። እንግዳውም ይሉኝታ ይዞት «ስንት ላዋጣ?» አይልም። ሁለቱም በጨዋነት ዝም ሲሉ ሦስት ወር ያልፋል፤ ከዚያ ስለ መብራት ሒሳብ የተነሳች ትንሽ ነገር የወንድማማችን ፍቅር ታቆስላለች። አስተናጋጁ የማይናገረው ሌላም ነገር አለ። አብዛኛው የአፓርትመንት ውል ስሙ ውሉ ላይ የሌለ ሰው ከተወሰነ ቀን በላይ እንዳያድር ይከለክላል። እንግዳው በቆየ ቁጥር ባለቤቶቹ ቤታቸውን አደጋ ላይ እየጣሉ ነው።

> ሁለቱም በጨዋነት ዝም ሲሉ ሦስት ወር ያልፋል።

መፍትሔው ቀላልና የሚያሳፍር ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከሁሉ ታላቅ ከሆነው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ስለ ገንዘብና ስለ ጊዜ ማውራት። ሥራ ካልተገኘ በጉልበት ይዋጣል፤ ልጅ ከትምህርት ቤት መቀበል፣ ወጥ መሥራት፣ ቤት ማጽዳት። ገና ሥራ ያልያዘች እንግዳ የልጅ መጠበቂያ ወጪ ስታስቀር ለዚያ ቤት ከኪራይ የሚበልጥ ነገር አዋጥታለች።

## የፖስታ ሳጥኑ

አዲስ አበባ ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፤ ፖስታ ቤት ሳጥን ያለው ሰው ሄዶ ያወጣል። እዚህ ሕይወት በሙሉ በደብዳቤ በር ላይ ይደርሳል። ግሪን ካርዱ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ፣ የሆስፒታል ሒሳቡ፣ የፍርድ ቤት ጥሪው ሁሉ ከፒዛ ማስታወቂያና ከመኪና ሽያጭ ወረቀት ጋር ተደባልቆ ይመጣል። ፖስታው ሁሉ አንድ ስለሚመስለው አዲስ መጪ ሰብስቦ ይጥለዋል። ወይም ደግሞ ከፍቶ ሳይረዳው መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፤ ይኼ የባሰ ነው።

በኢሚግራንት ቪዛ የገባ ሰው ግሪን ካርዱ የሚላከው ለመንግሥት በሰጠው አድራሻ ነው። ካርዱ እስኪደርስ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቪዛ የመግቢያ ማኅተም ተመትቶበት ለአንድ ዓመት ያህል የመኖሪያ ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል። ከዘመድ ሳሎን ወደ ቤዝመንት፣ ከቤዝመንት ወደ አፓርትመንት የሚዛወር ሰው በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን አዲሱን አድራሻ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ለፖስታ ቤትም ለብቻ መንገር ያስፈልጋል፤ አንዱ መሥሪያ ቤት ለሌላው አይነግርለትም።

ስምም የራሱ ጣጣ አለው። እኛ የአባታችንን ስም አስከትለን እንጠራለን፤ ቅጹ ደግሞ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። ባል፣ ሚስትና ልጅ ሦስት የተለያየ የመጨረሻ ስም ይዘው ትምህርት ቤት ሲመጡ ጸሐፊዋ «ልጁ የእርስዎ ነው?» ብትል ክፋት አይደለም፤ የልደት ማስረጃውን ትርጉም ማሳየት ነው። ዋናው ነገር ፓስፖርቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ በሁሉም ቦታ ፊደል ሳይቀይሩ መድገም ነው። ባንክ ላይ «ጸጋዬ» በቲና በኤስ፣ መንጃ ፈቃድ ላይ በኤስ ብቻ የተጻፈ ሰው ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ነው። ባለ ዘጠኝ አኃዙ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በቃል ይያዛል፤ ካርዱ ቤት ይቀመጣል፣ ቦርሳ ውስጥ አይዞርም።

ሰዓትም ያሳስታል። ቀጠሮው «ዘጠኝ ሰዓት ጠዋት» ሲባል የእኛ ሦስት ሰዓት ነው። ወር ከቀን ይቀድማል፤ 3/7 ማለት የማርች ሰባተኛው ቀን ነው። በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓቱ አንድ ወደፊት፣ በኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ደግሞ አንድ ወደኋላ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ልዩነት በክረምታቸው ስምንት፣ በበጋቸው ሰባት ሰዓት ነው። እናት በሌሊት ተቀስቅሳ «ምን ሆንክ?» የምትለው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ሁለት እሑዶች ሰሞን ነው።

## ታሪክ የሌለው ሰው

ክሬዲት የሚባለው ነገር አዲስ መጪውን መጀመሪያ ያስቀዋል። «ዕዳ የለብኝም፤ ታዲያ ለምን አያምኑኝም?» ይላል። የማያምኑት ዕዳ ስለሌለበት ነው። ተበድሮ መክፈሉን የሚያሳይ መዝገብ የለም። ከመዝገቡ የሚወጣው ነጥብ ከ300 እስከ 850 ድረስ ይሄዳል፤ መዝገቡን የሚይዙት ሦስት የግል ድርጅቶች ናቸው፦ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን። አፓርትመንት ሲጠየቅ፣ መኪና በዱቤ ሲገዛ፣ አንዳንዴም የስልክ መስመር ሲወጣ የሚታየው ይኼ ነው።

አጀማመሩ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ባንክ 200 ወይም 300 ዶላር በመያዣነት ተቀብሎ፣ ያንኑ ያህል መጠን ያለው የክሬዲት ካርድ ይሰጣል። በዚያ ካርድ ለምሳሌ የስልክ ሒሳብ ብቻ ይከፈላል፤ ወሩ ሲያልቅ ከቀኑ በፊት ሙሉውን መክፈል ነው። ከስድስት ወር በኋላ ነጥብ መታየት ይጀምራል። ከሁሉ በላይ የሚመዝነው በቀኑ መክፈል ነው፤ ቀጥሎ ከተፈቀደው መጠን ምን ያህሉ እንደተነካ። ካርዱን እስከ ጫፍ የሚጠቀም ሰው፣ ቢከፍልም እንኳ፣ የተቸገረ ይመስላቸዋል። የተፈቀደው መጠን ደግሞ ገንዘብ አይደለም፤ ለአገር ቤት ሠርግ በክሬዲት ካርድ ዶላር የላከ ሰው ወለዱን ለዓመታት ሲከፍል አይተናል።

ዕንቆቅልሹ ያለው የሐበሻው ኑሮ ውስጥ ነው። ለቤዝመንቱ ባለቤት በየወሩ በጥሬ ብር የሚከፈለው ኪራይ የትም አይመዘገብም። እቁቡም እንደዚያው። ዋሽንግተን አካባቢ እቁብ አለ፣ በደንብ አለ፤ ታክሲ የተገዛበት፣ ምግብ ቤት የተከፈተበት ነው፤ ዳኛውና አባሉ እንደ አገር ቤቱ በሰው ይታመናል። ስድስት ዓመት እቁቡን አንድ ቀን ሳያሳልፍ የከፈለ ሰው ግን ባንክ ሲሄድ እንደ ትናንት መጪ ይታያል። እቁቡን ተው የሚል የለም። ኪራዩን በቼክ ወይም በባንክ አስተላልፎ ደረሰኙን መያዝ፣ ከጎኑም ያቺን ትንሽ ካርድ ማስኬድ ነው።

> ስድስት ዓመት እቁቡን አንድ ቀን ሳያሳልፍ የከፈለ ሰው ባንክ ሲሄድ እንደ ትናንት መጪ ይታያል።

በስሙ ውል የሚፈርምበት ቀን ሲመጣ ብዙ አከራዮች የወር ገቢው ከኪራዩ ሦስት እጥፍ ገደማ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ለመያዣ የሚጠየቀው ገንዘብ እንደ ግዛቱ ይለያያል፤ ዲሲ የአንድ ወር፣ ቨርጂኒያ እስከ ሁለት ወር ኪራይ ይፈቅዳሉ፤ ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ በሚፈረሙ ውሎች ላይ ከአንድ ወር እንዳይበልጥ ወስናለች። የሚገባ ሰው ከመግባቱ በፊት ግድግዳውን፣ ምንጣፉንና ምድጃውን በስልክ ፎቶ ያንሳ። ሲወጣ ያ ፎቶ ገንዘቡ ነው።

## ጢስ

ቡና በዚህ አገር አደጋ አለው። የአፓርትመንቱ ጣሪያ ላይ የተለጠፈው የጢስ መጠቆሚያ ቡና የሚቆላበትንና ቤት የሚቃጠልበትን አይለይም። ዕጣን ከተጨሰ ይጮኻል፤ በአንዳንድ ሕንፃ ሌላው ቤት ያሉት ሁሉ በፒጃማ ደረጃ ይወርዳሉ። የለመዱ እናቶች መስኮት ከፍተው፣ ከምድጃው በላይ ያለውን ማራገቢያ አስነስተው ይቆላሉ፤ ሌሎች የተቆላ ገዝተው ዕጣኑን ለበዓል ያቆዩታል። የመጠቆሚያውን ባትሪ ማውጣት ግን መፍትሔ አይደለም፤ ኢንሹራንሱንም ውሉንም ያበላሻል።

ከሰል ግን ሌላ ነገር ነው። ክረምት ሲመጣ መስኮት ዘግቶ ማንደጃ ላይ ከሰል ማቀጣጠል ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ራስ ያምማል፣ እንቅልፍ ይጥላል፣ ከዚያ አይነሱም። አገር ቤት ነፋስ የሚገባበት ቤት ያድነን ነበር፤ እዚህ ቤቱ የተሠራው አየር እንዳያስገባ ነው።

ከጢሱ ሌላ፣ ቤት ውስጥ ልጅ ያላቸው ደግሞ ይህን ይወቁ፤ በሜሪላንድ ሕግ ዕድሜው ከስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቤትም መኪናም ውስጥ ብቻውን አይተውም፤ አብሮት የሚቆየው ቢያንስ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው መሆን አለበት። «ወተት ገዝቼ ልመለስ» ተብሎ የተዘጋ በር ችግር ያመጣል። አስተማሪ ልጅ ላይ የዱላ ምልክት ካየች የማሳወቅ ግዴታ አለባት፤ ወላጅን ስለጠላች አይደለም። አባቶች ይኼንን ሲሰሙ ይቆጣሉ፤ ቁጣቸው ይገባኛል፣ ሕጉ ግን አይሰማቸውም።

## መኪና ሲቆም

አዲስ አበባ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆም ሾፌሩ ወርዶ ይሄዳል፤ ሰላምታ ይሰጣል፤ ነገሩን ያስረዳል። አክብሮት ነው። እዚህ ከመኪና መውረድ እንደ ማጥቃት ሊቆጠር ይችላል። ከኋላ ቀይና ሰማያዊ መብራት ከታየ ወደ ቀኝ ወጥቶ መቆም፣ ሌሊት ከሆነ የውስጥ መብራት ማብራት፣ ሁለት እጅ መሪው ላይ አድርጎ መጠበቅ ነው። ወረቀት ለማውጣት ወደ መሳቢያው እጅ የሚሰደደው ፖሊሱ ከጠየቀና «ከዚህ ላወጣ ነው» ከተባለ በኋላ ነው። ክርክር ካለ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለ። ብር ማቀበል የሚባል ነገር እንዳይታሰብ።

የትምህርት ቤት ቢጫ አውቶቡስ ቀይ መብራቱን ሲያበራ ከኋላም ከፊትም የሚመጣ መኪና ይቆማል፤ መንገዱ መሐል ላይ በግርዶሽ ከተከፈለ ብቻ ነው የማዶው የሚያልፈው። መኪና እስኪገዛ ድረስ ሜትሮና አውቶቡስ አለ፤ ስማርትሪፕ ካርድ ለሁለቱም ይሠራል። ባቡር ውስጥ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው፤ ቡና ይዘው የሚገቡ ቱሪስቶች ናቸው።

## ሐኪም ቤት

ኢንሹራንስ ስለሌለኝ አይቀበሉኝም ብሎ ደረቱን ይዞ ቤት የተቀመጠ ሰው ታሪክ በየማኅበሩ ይሰማል። ከ1986 ጀምሮ ባለ ሕግ መሠረት የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ የመክፈል አቅም ሳይጠይቅ፣ የመጣውን ሰው መመርመርና ሕይወቱን ማረጋጋት አለበት። ሒሳቡ ግን አይቀርም፤ ከሳምንታት በኋላ በዚያው ፖስታ ይመጣል። ሰው ደንግጦ ይደብቀዋል። መደረግ ያለበት ዝርዝር ሒሳብ መጠየቅና የገንዘብ ርዳታ ቅጽ መሙላት ነው፤ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ይህን ርዳታ የሚሰጡበት የተጻፈ ደንብ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል። ለጉንፋንና ለቁርጥማት ድንገተኛ ክፍል አይኬድም፤ በገቢ መጠን የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ።

አስተርጓሚ በነፃ ነው። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ለእናቱ «ዕጢ ነው ይላሉ» ብሎ እንዲተረጉም ማድረግ ግፍ ነው፤ ሐኪሞችም አይወዱትም።

## መካሪው ሲበዛ

የሐበሻ ምክር በመጀመሪያው ወር ወርቅ ነው። ሥራ የሚገኘው በእሱ ነው፤ ፓርኪንጉ፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ አረጋውያን መንከባከቢያው፣ ሁሉም በ«እኔ ጋ ሰው ይፈልጋሉ» ይጀመራል። የሚያሳስተው ስለ ታክስና ስለ ኢሚግሬሽን ሲሆን ነው። ሥራ በተጀመረበት ቀን የሚሞላውን የታክስ ቅጽ «እንዲህ ብለህ ጻፍ፤ አይቆርጡብህም» የሚል አይጠፋም፤ ያልተቆረጠው ኤፕሪል 15 ላይ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ኡበር የሚነዳ ሰው ደግሞ ማንም አይቆርጥለትም፤ ከየሳምንቱ ገቢው ራሱ ካላስቀመጠ በዓመቱ መጨረሻ ይደነግጣል። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው በየቤተ መጻሕፍቱና በየማኅበረሰብ ማዕከሉ በነፃ ታክስ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች አሉ።

ኖተሪ ማለት ፊርማ የሚያረጋግጥ እንጂ ጠበቃ አይደለም። የኢሚግሬሽን ምክር የሚሰጠው ጠበቃ ወይም መንግሥት ፈቃድ የሰጠው ወኪል ብቻ ነው። ደውሎ «ከታክስ መሥሪያ ቤት ነኝ፤ የስጦታ ካርድ ገዝተህ ቁጥሩን ንገረኝ» የሚል ሌባ ነው፤ ስልኩን መዝጋት ነው።

## «ፈርምልኝ»

ሁለተኛው ዓመት ላይ ነጥቡ ከፍ ብሎ፣ ውሉ በስሙ ሆኖ፣ መኪናው ተገዝቶ ሳለ ስልክ ይደወላል። የአክስት ልጅ ገብቷል፤ መዝገቡ ባዶ ነው፤ አፓርትመንት ወይም መኪና ፈልጎ «አብረኸኝ ፈርምልኝ» ይላል። አገር ቤት ዋስ መሆን የወንድነት ነገር ነው፤ እምቢ ማለት ያስነውራል። እዚህ አብሮ የፈረመ ሰው ተበዳሪ ነው። ዘመዱ አንድ ወር ቢያሳልፍ መዝገቡ የሚቆሽሸው የሁለቱም ነው፤ ቢጠፋ ሙሉውን የሚከፍለው ፈራሚው ነው። አበዳሪው መጀመሪያ ዘመዱን የመፈለግ ግዴታ እንኳ የለበትም።

የቆዩት በዚህ ላይ ሁለት ወገን ናቸው። አንዳንዶች «እኔም የመጣሁት ሰው ፈርሞልኝ ነው» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሌሎች፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፣ ፊርማውን ከልክለው ሌላውን ሁሉ ይሰጣሉ፤ ክፍሉን፣ ለመያዣው ካርድ የሚሆን 300 ዶላር፣ ሥራ ቦታ የሚያስተዋውቅ ስልክ። የአክስት ልጅ መቀየሙ አይቀርም። ስድስት ወር ጠብቆ በራሱ ስም አፓርትመንት ሲጠይቅ ግን የሚፈተሸው የራሱ መዝገብ ነው።